ወጥተው ያልገቡት

«ሁለቱ እኮ አይነጋገሩም!» ይላል ወንድሟ። ከኮንሰርቱ ማግስት ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ገና የሱቁን በር ሳይከፍት፣ ቁልፉን እንደያዘ። «ጊታሪስቱና ኪቦርዲስቱ። በአንድ መኪና አይሄዱም፣ በአንድ በር አይገቡም። ሆቴል ውስጥ እንኳ አንዱ ቁርሱን በልቶ ሲነሣ ነው ሌላው የሚወርደው። ያስተናገዳቸው ልጅ ነው የነገረኝ።» ያስተናገዳቸው ልጅ መጀመሪያ የወንድሟ ጓደኛ የአክስት ልጅ ነበር፤ ወሬው ሲደጋገም ዝምድናው እየቀረበ መጥቶ ዛሬ ጠዋት «የኛው ልጅ» ሆኗል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነው። «እና ከማይነጋገሩ ሰዎች ምን ይጠበቃል?» ይልና በሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ለእህቱ ነው። ከኋላዋ የቆመው ባሏ እንዲሰማ እንጂ፣ ለእሱማ ቃል ከተነፈሰለት ሰንብቷል።

መርፌ በአፉ የያዘ ሰው ዝም ሲል ጨዋ ይመስላል፤ እሷም ጠዋት ጠዋት መርፌውን አፏ ላይ ጣል የምታደርገው ለዚሁ ነው።

ሱቁ ሶፋ የሚሠራበት፣ ያረጀ ወንበር የሚለብስበት፣ ረጅምና ጠባብ ቤት ነው። ቀድሞ ሁለት ክፍል ነበር። የመንገዱን በኩል ወንድሟ ተከራየ፣ የጓሮውን በኩል ባሏ፤ ከዚያ ሁለቱ መሐል ያለውን ግድግዳ በመዶሻ አፍርሰው አንድ አደረጉት። ያን ቀን ቴፕ ከፍተው ሲያፈርሱ ጎረቤቱ ሠርግ መስሎት ነበር። ከፊት የወንድሟ መቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ የጨርቅ ጥቅሎች እንደ ሰካራም ግድግዳው ላይ ተደጋግፈዋል። ከኋላ የባሏ ጣውላ፣ ስፖንጅና ሞላ። እሷ ከነስፌት መኪናዋ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ሥራው የሚሄደው በጩኸት ነበር። ባሏ ከኋላ ሆኖ ልኩን ይጮሃል፣ ወንድሟ ከፊት ሆኖ ይደግመዋል፣ «ከነውፍረቱ?» ይላል፣ «ያለ ውፍረቱ!» ይባላል፣ መቀሱ ይሄዳል። አንድም ቀን ልክ ጽፈው አያውቁም። እንግዳ ደንበኛ ሲገባ የተጣሉ ይመስለው ነበር። አሁን እውነትም ሲጣሉ ሱቁ ጸጥ አለ፣ ደንበኛውም «ዛሬስ ሰላም ነው» እያለ ደስ ብሎት ይገባል።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ባንዱ ነው። ይኸ ባንድ ዘፈን ጀምሮ በወጉ የሚጨርስ ዓይነት አይደለም። ዜማውን አንዴ ሁለቴ ያሰማህና ይተወዋል፤ ጊታሩ ወደ አንድ በኩል፣ ቤዙ ወደ ሌላ፣ ከበሮው ወደ ገዛ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ያለ ዕቅድ እየተቀባበሉ ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። አድናቂዎቹ ይህን «ወጡ» ይሉታል። በቃ ጠፉ ብለህ ተስፋ ስትቆርጥ ኪቦርዲስቱ ራሱን አንዴ ይነቀንቃል፣ ያኔ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዜማው ላይ ዱብ ይላሉ። ይህ ደግሞ «ገቡ» ነው። የማያውቅ ሰው አድናቂዎቹ ሲያወሩ ቢሰማ ስለ ሌባ የሚያወሩ ይመስለዋል፦ መቼ ወጡ፣ በየት ገቡ፣ ስንት ደቂቃ ቆዩ።

ከዘፈኖቹ ሁሉ የሚበልጠውን «ረጅሙ» ይሉታል። ወንድሟና ባሏ ገና ሳይተዋወቁ፣ ሁለቱም ጎረምሳ ሳሉ፣ አንድ ምሽት ባንዱ ረጅሙን ተጫውቶ ሲገባ ወንድሟ አጠገቡ የቆመውን የማያውቀውን ሰው አንገት አቅፎ አለቀሰ። የታቀፈውም አለቀሰ። በማግስቱ ቤት ይዞት መጣና «ይኼ ሰው ሙዚቃ ይገባዋል» ብሎ ከእህቱ ጋር አስተዋወቀው። ሌላ ምስክርነት አልቀረበም። ሥራውን ጠይቆ፣ ዘሩን አጣርቶ እህቱን የሚድር ወንድም አለ፤ የእሷ ወንድም በኪቦርድ ዳራት። ደግነቱ ሰውየው ክፉ ሆኖ አልወጣም። ክፉ ቢሆንም ኖሮ ወንድሟ «ግን ጆሮ አለው» ይላት እንደነበር አትጠራጠርም።

ባንዱ ከዚያ ፈረሰ። ለምን እንደፈረሰ የሚያውቅ የለም፣ የሚያስረዳ ግን ሞልቷል። አድናቂዎቹ የድሮ ካሴት እየተዋዋሱ አረጁ። ዘንድሮ ታረቁ ሲባል ቲኬቱን ባሏ ገዛ፣ ሦስቱም ሄዱ፣ እሷ እንደ ስፌት መኪናዋ መሐል ቆመች። ወንበር ያለበት አዳራሽ ነው፤ ነገር ግን የተቀመጠ ሰው አልነበረም፣ ጎልማሳው ሁሉ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሟል። ረጅሙን ለመጨረሻ አስቀሩት። ያምር ነበር፣ አማረም፣ ወጡ። መድረኩን በጭስ ስለሞሉት ከኋላ በኩል ያለው የኪቦርዱ ጥግ አይታይም። ጥቂት ቆይቶ የኪቦርዱ ድምፅ ተወ። ሌሎቹ ቀጠሉ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ እየቀዘቀዙም ዞሩ፤ ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ «አሁን ይገባሉ» ሲል የአዳራሹ መብራት ቦግ አለና ሁሉ ነገር ቆመ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አፏጨ።

«ጠፉ» አለ ወንድሟ ታክሲ ውስጥ። «ሽማግሌዎች ናቸው፣ መንገዱ ጠፋባቸው። ኪቦርዲስቱማ ቁልፎቹ ራሱ ጠፉት።»

«አልጠፉም፤ አንገባም አሉ» አለ ባሏ። «ዝም ሲል አልሰማህም? ያን ዝምታ ለመጫወት ዕድሜ ይጠይቃል።»

«ዝምታማ ቤቴም አለ፣ ያውም በነጻ።»

«አንተ የናፈቀህ ሙዚቃው አይደለም። ያኔ የነበረህ ጸጉር ነው።»

ወንድሟ መላጣ ነው። ለጥቂት ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከዚያ ረጋ ብሎ «እኔ እህቴን የሰጠሁህ ሙዚቃ ይገባዋል ብዬ ነበር» አለ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ። እሷን አስተያየቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቢጠይቋት ጫማዋ ጠቧት እንደነበር ትናገር ነበር።

ይህ ሁሉ ለሳቅ በቂ ነው፤ ዛሬ ግን የሳቅ ቀን አልነበረም። አድናቂዎቹ ቆመውበት የአዳራሹ መቀመጫ በሙሉ ተቀዳዷል፤ ከቀዳዶቹ ሁለቱን የማን ጫማ እንደሠራቸው እሷ ታውቃለች። አዳራሹ ወንበሮቹን የሚያለብስለት ሲፈልግ ሰምታ የሄደችው፣ ተሰልፋ አንዱን ወንበርና አንዲት ቁራጭ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከፋይ ጨርቅ ለናሙና ተቀብላ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው እሷው ናት። የንብረት ኃላፊዋ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥታ ናሙናውን ታያለች። ከወደደችው ለወራት የሚበቃ ሥራ ነው። ካልወደደችው ደግሞ የሚሆነውን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም፦ ኪራዩ ጨምሯል፣ ጎረቤቱ ሞባይል ሻጭ የፊተኛውን ክፍል ከተመኘ ቆይቷል፣ ወንድሟም ከኩርፊያው ወዲህ ሞባይል ሻጩን «ወንድሜ» ማለት ጀምሯል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ይቆዩላት። ፍቅሩ ይቅር። የአዳራሹ ሥራ ከመጣ ቢኮራረፉም እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ ይኮራረፋሉ፤ ከተለያዩ ግን አንዱ ሌላውን ለሰላምታ ፈልጎ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። የአባቷ ልጅ እምቢ ሲል ድንጋይ ነው፤ ባሏ ደግሞ ድንጋይ እንኳ አይደለም፣ ስፖንጅ ነው፣ ቢጫኑት ገብቶ ተመልሶ እዚያው ነው።

«ለወንድምሽ ንገሪው» አለ ባሏ ከኋላ፣ ሜትሩን ስፖንጁ ላይ ዘርግቶ፤ «አርባ ስምንት በአርባ ስድስት።»

«ጋሼ፣ አርባ ስምንት በአርባ ስድስት።»

«ሰማሁ። ለባልሽ ንገሪው፣ እኔ ጆሮዬ ይሠራል፤ እንደ አንዳንዱ አይደለሁም።»

«ምን አለ?»

«ሰማሁ አለ።»

እንዲህ ነው ስታስተረጉም የከረመችው፤ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አንዱን እየጣለች። ሰላምን ያህል ነገር ለማዳን የቃል ብክነት አይቆጠርም። የዛሬው ጥፋት ግን ከጣለችው ቃል ሳይሆን ማንም ካልተናገረው መጣ። ወንድሟ በጠመኔው አሠመረ፣ መቀሱን አነሣ፣ አፉ ሊከፈት ሲል ጥርሱን ነከሰ፣ ቆረጠ። ባሏም መቀሱ ሲሄድ ሰምቶ ቀና አለ፣ የሚጠብቀው ጥያቄ አልመጣም፣ አንገቱን ደፋ። «ከነውፍረቱ?» የምትለዋን እሷ ስትሰማት የኖረችው እንደ ዘፈን አዝማች ነው፤ ውስጧ ሥራ እንዳለ አላወቀችም። ሽፋኑን ሰፍታ ወንበሩ ላይ ስትጎትተው፣ የስፖንጁ ውፍረት አልታሰበምና በአራቱም ጎን አጠረ። ነጩ ስፖንጅ ሱሪው እንዳጠረበት ተማሪ ቁርጭምጭሚቱን አውጥቶ ቀረ። ሌላ ከፋይ የለም፤ የተሰጣቸው ያቺው ቁራጭ ናት።

«ለባልሽ ንገሪው፣ የተባልኩትን ነው የቆረጥኩት።»

«ለወንድምሽ ንገሪው፣ ድሮ ይጠይቅ ነበር።»

«ራሳችሁ ተነጋገሩ!» አለች። ሁለቱም ዝም አሉ። በዚህ እንኳ መስማማታቸው አናደዳት።

ምሳ ላይ ዳቦና እንቁላል በላች፤ ወንድሟ ፊቱን ወደ መንገድ፣ ባሏ ወደ ጓሮ አዙረው በሉ። ሁለት ሰው በአንድ ቤት ውስጥ እንቁላል ሲልጥ የሚሰማው ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው። ይህን ሲያላምጡ ሞባይል ሻጩ ስልኩን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጎ ዘው አለ። «ጋሼዎቼ፣ አገኘሁት! የረጅሙን ቪዲዮ፣ እስከ መብራቱ ድረስ! አንድ ደንበኛ ላከልኝ።» ልጁ ክፉ አይደለም። የክፍሉ ምኞት ሳይለየው ሰውን ማስደሰትም ይወዳል፣ ሁለቱ ምኞቶች እሱ ዘንድ አይጣሉም።

ሦስት ራስ አንዲት ስልክ ላይ ተደፋ። ወንድሟና ባሏ ትከሻ ለትከሻ ከተነካኩ ሰንብተዋል፤ እሷ እንቁላሏን አስቀምጣ ትንፋሿን ያዘች። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ባብዛኛው የአንድ ሰውዬ ማጅራት ነው፤ ድምፁ ግን ጥሩ ነበር። ወጡ። ኪቦርዱ ዝም አለ። ሌሎቹ ዞሩ። ወንድሟ ዓይኑን ጨፈነ፣ ባሏም ጨፈነ፣ ከዚያ ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ባንድ ጊዜ፣ «ይኸው፣ ስሙ!» አሉ።

ዓይናቸውን ገልጠው ተያዩ።

«ምኑን ነው የምሰማው?» አለ ወንድሟ፤ መተርጎሟም ቀረ። «እንደ ዕውር ሲደናበሩ አይሰማህም? ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ጠፋ ነው የሚባለው!»

«ሁልጊዜ በያዘው መንገድ የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያውኑ አልወጣማ! ቤት ደጃፍ ነው የቆመው!»

«ይህን ያህል ዘመን ምን ስትሰማ ነበር አንተ?»

«አንተን! አንተ ስታለቅስ ነበር የምሰማው!»

ሞባይል ሻጩ ድምፁን ቀነሰ። ወንድሟ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ጠመኔውን ኪሱ ከተተ፣ ቀጥሎ ሜትሩን። ሲናገር ድምፁ እንደ ባንክ ሠራተኛ የተረጋጋ ነበር፤ ደግሞም ወደ እሷ ነበር። «ለባልሽ ንገሪው። የፊተኛው ክፍል ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ልጅ ነው።»

«ከ… ከመቼ ጀምሮ ጋሼ?» አለ ሞባይል ሻጩ።

«ዛሬ አልኩህ እኮ። አሁን።»

«ጋሼ» አለች እሷ ተነሥታ፣ «ሴትዮዋ እኮ ልትመጣ ነው። እስክትሄድ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንደፈቀድክ።»

«እኔ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሙዚቃ መስማት አልችልም።»

«ሙዚቃ ማን አነሣ? ሶፋ ነው የምንሠራው!»

ወንድሟ ትንሽ አሰበ። «ሶፋውም ቢሆን» አለ።

ወደ ኋላ ሄደች። ባሏ ጣውላው ላይ ተቀምጦ ሚስማር ይለቅማል፤ መሬት ላይ የወደቀ ሚስማር ግን አልነበረም። «አንተ፣ ስማኝ። አንድ ቃል ነው። ሂድና ‘ጠፉ’ በለው። ምን ይጎድልብሃል?»

«ዋሽቼ?»

«አዎ፣ ዋሽተህ። ስንት ጊዜ ‘ምሳው ጣፍጧል’ ብለኸኛል?»

«እሱ ሌላ ነው» አለ ባሏ፣ ከልቡ አዝኖ። «እሱ ምሳ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ የዕቃ ነገር ሆነ። ወንድሟ መቀሶቹን በጨርቅ ጠቀለለ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛውን በጋሪ አስጫነ፤ የሚሠራበት ቦታ እንደማያጣ፣ ጥሩ ቆራጭ ባለበት ሁሉ እንደሚለመን ለመንገዱ ተናገረ። ደጃፉ ላይ ዞር ብሎ እህቱን አያት። «አንቺ ግን ነይ፤ ቤቴን ታውቂዋለሽ» አላት። «ነይ» ሲል ብቻዋን ማለቱ ነው። ባሏ የጋሪውን ድምፅ ሰምቶ፣ ጠብቆ፣ ድምፁ ሲርቅ በጓሮ በር ወጣ። የት እንደሚሄድ አልተናገረም፤ ጓሮው የሚያወጣው ወደ ቆሻሻ መጣያው ብቻ ነው። ወንዶች ኩራታቸው ሲነካ መንገድ አይመርጡም።

እሷ ሽፋኑን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተረተረችው። ማልቀስ ትችል ነበር፤ ከፋይ ግን እንባ ያቆሽሸዋል። ከጥግ ከወደቁት ቁርጥራጮች ጥቁር ጨርቅ መረጠች፣ ረጅም ጥብጣብ አድርጋ ቆረጠች፣ በቆራጩ መቀስ ሳይሆን በራሷ የክር መቁረጫ፣ እጇ እስኪደነዝዝ። ጥብጣቡን በአራቱም ጎን ሰፋችው፣ ጎተተችው፣ ገባ። ወይን ጠጁ ላይ ጥቁሩ ዙሪያውን ሲከበው ሆን ተብሎ የተነደፈ ይመስላል። እንዲያውም ያለ ጥብጣቡ ቢሰፋ ኖሮ እንዲህ አያምርም ነበር። ይህን የምትነግረው ሰው ፈልጋ ቀና ብትል፣ ሞባይል ሻጩና ጓደኛው የመስታወት መደርደሪያ አቅፈው በጎን በጎን እየገቡ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ መኪናሽን ትንሽ ወደ ኋላ…»

መኪናዋን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋች።

የንብረት ኃላፊዋ በሰዓቷ መጣች። ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት፤ ሰው ሰላም ስትል እንኳ እግሩ ሥር ያለውን ወለል ታያለች። ወንበሩን በመዳፏ ተጫነችው፣ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተነችው፣ ተቀመጠችበት፣ ተነሣች፣ ደግማ ተቀመጠች።

«ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይኸ ጥቁሩስ የማን ሐሳብ ነው?»

«የኔው።»

«ጥሩ ነው» አለች ሴትዮዋ። ይህን ቃል ብዙ የምታወጣው አትመስልም። ከዚያ አንገቷን አዙራ የፊተኛውን ክፍል አየች። መስታወት ላይ መስታወት ይደረደራል፣ መሐሉን በጣውላ ለመዝጋት አናጺ ልክ ይወስዳል። «ይህስ?»

«ጎረቤታችን ነው። ክፍሉን ወስዶታል።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«እና ወንበሮቼ በየት ሊገቡ ነው?»

የጓሮውን በር አሳየቻት። ሴትዮዋ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። በሩ በሴትዮዋ ሞላ። ተመልሳ መጣችና ወንበሩንና በሩን በዓይኗ አስተያየች።

«በሁለት በሁለቱ እያመላለስን እንሠራዋለን» አለች ስፌተኛዋ። «እኔ ራሴ እሸከመዋለሁ። ይህንን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ወንበር በሁለት በሁለቱ ካመላለስሽ እኔ ጡረታ እወጣለሁ። ሥራሽ አይነወርም፣ ይህን ለማንም እናገራለሁ። ቦታው ነው።» እጇን ጭኗ ላይ ጠረገች። «ሰፊ ቦታ ያለው ሌላ ሰው ናሙና ሠርቷል። ስፌቱ እንዳንቺ አይደለም። ምን ይደረግ!»

ምንም አይደረግም። ሾፌሩ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሰፈሩን እየዞረ ስለሆነ ሴትዮዋ ናሙናው ወንበር ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ አንድ ጫማዋንም በተረከዟ አወለቀች። ስፌተኛዋ የተረፈውን ክር ትጠቀልላለች። አናጺው ሁለተኛውን ጣውላ አቆመ፤ ከመንገድ የሚመጣው ብርሃን ቀነሰ። ባሏ አልተመለሰም።

«ወንበሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር» አለች ሴትዮዋ ለመጫወት ያህል። «ከዚህ ደግሞ በር ሠሪ ፍለጋ ልሄድ ነው። ለመጸዳጃ ቤት። ከመድረኩ ኋላ ያለውን ሰብረነዋል።»

«ምን ሆኖ?» አለች ስፌተኛዋ፤ ለጨዋነት ነው የጠየቀችው።

«የዚያ የኮንሰርት ዕለት ነዋ። ኪቦርድ የሚመታው ሽማግሌ በዘፈኑ መሐል ገባ፣ ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ መለስ እላለሁ ብሎ። እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ከውስጥ ይደበድባል፣ እኛ ከበሮው መስሎናል! ሰዓቱ አልቋል፣ እኔ ከመድረኩ ጎን ቆሜ ለጊታሪስቱ በእጄ ‘ጨርሱ’ እለዋለሁ፤ እሱ የሽማግሌውን ባዶ ወንበር በአገጩ ያሳየኝና ራሱን ይነቀንቅብኛል። እሱ ሳይመጣ አንጨርስም ነው። ብለው ብሠራው እምቢ፣ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። መብራቱን አበራሁባቸው እንጂ እስካሁንም ይጠብቁት ነበር።»